ቀላል ሞለኪውላዊ ቁሶችና ጠባያቸው

ቀላል ሞለኪውላዊ ቁሶች የሚባሉት፣ ጥቂት አቶሞች በኮቫለንት ትስስር (ኤሌክትሮን በመጋራት) ተያይዘው በሚፈጥሯቸው ትንንሽ ሞለኪውሎች የተሠሩ ቁሶች ናቸው። ውሃ፣ ኦክስጅን፣ ሚቴን፣ አልኮል፣ አዮዲንና የዳሎሉ ድኝ ከዚህ ወገን ናቸው። ስኳርም ሞለኪውሉ ገዘፍ ቢልም እዚሁ ይመደባል። ጨው፣ ብረትና አልማዝ ግን የሉበትም።

ዋናው መለያቸው በትንሽ ሙቀት መቅለጣቸውና መፍላታቸው ነው። ተማሪ የሚሳሳተውም እዚህ ጋ ነው። ሚቴን ሲፈላ የካርቦንና የሃይድሮጅን ትስስር የሚበጠስ ይመስለዋል። አይበጠስም። ያንን ትስስር ለመበጠስ በሞል (ኬሚስቶች የቁስን መጠን በሚለኩበት አሃድ) 400 ኪሎ ጁል ገደማ ይፈጃል። ፈሳሽ ሚቴንን ጋዝ ለማድረግ ግን 8 ኪሎ ጁል አካባቢ ይበቃል። የሚላቀቀው በአንዱ ሞለኪውልና በጎረቤቱ መካከል ያለው ደካማ መሳሳብ ብቻ ነው። ሚቴን ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ የሚፈላው ለዚህ ነው።

ስኳር መጥበሻ ላይ ቢጣድ ብዙ ሳይቆይ ይቀልጣል። ጨው በዚያው እሳት ይንጣጣል እንጂ ንቅንቅ አይልም፤ 801 ዲግሪ ይፈልጋል። እርግጥ ስኳር ፍጹም ምሳሌ አይደለም። እየቀለጠ ሳለ ሞለኪውሉ ራሱ መፈራረስ ስለሚጀምር ይቀላል፣ ከዚያም ይከስላል።

ሞለኪውሉ ሲገዝፍ የመፍያ ሙቀቱም ከፍ ይላል የሚለው ሕግ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ሃሎጅን በሚባሉት የንጥረ ነገሮች ቤተሰብ ነው። ፍሎሪን ከዜሮ በታች 188፣ ክሎሪን ከዜሮ በታች 34፣ ብሮሚን 59፣ አዮዲን 184 ዲግሪ ላይ ይፈላሉ። ሞለኪውሉ በገዘፈ ቁጥር ኤሌክትሮኑ ይበዛል፤ መሳሳቡም ይበረታል። አዮዲን በመስታወት ቱቦ ቀስ ተብሎ ሲሞቅ ደስ የሚል ሐምራዊ ተን ይወጣዋል። ተኑ ቀዝቃዛው የቱቦ አፍ ላይ ሲደርስ ተመልሶ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። አዮዲን ጭራሽ አይቀልጥም ሲባል ይሰማል። ስህተት ነው፤ 114 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል።

ጋዞችን ወደ ፈሳሽ በመቀየር ታሪክ ውስጥ የማይክል ፋራዴይ ሥራ ሊዘለል አይገባም። መጽሐፍ ጠራዥ የነበረው ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1823 ለንደን ውስጥ ከክሎሪንና ከውሃ የተሠራ ክሪስታል በታሸገ ቱቦ ውስጥ አሞቀ። ሊጎበኘው የመጣ ሐኪም ቱቦው ውስጥ ዘይት የመሰለ ነገር አየና፣ በቆሸሸ ዕቃ ትሠራለህ ብሎ ወቀሰው። ዘይቱ ፈሳሽ ክሎሪን ነበር። ሐሳቡ የማን ነው በሚለው ላይ አለቃው ሃምፍሪ ዴቪም ድርሻ አለኝ ብሏል። ሙከራውን የሠራው ግን ያለ ጥርጥር ፋራዴይ ነው። ክሎሪንን ከእሱ በፊት ወደ ፈሳሽ የቀየረ ሰው ሳይኖር እንዳልቀረም ፋራዴይ ራሱ በኋላ ጽፏል።

ቱቦው ውስጥ ሥራውን የሠራው ግፊት ነው። የወጥ ቤት ሲሊንደርም የሚሠራው በዚሁ ነው። ፕሮፔን ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ጋዝ ነው። በግፊት ሲታመቅ ግን ሞለኪውሎቹ ይጠጋጉና ፈሳሽ ይሆናል። ሲሊንደሩ ሲወዘወዝ የሚንቦጫቦጨው እሱ ነው።

እነዚህ ቁሶች ኤሌክትሪክ አያስተላልፉም፤ የሚንቀሳቀስ ኤሌክትሮንም አዮንም (የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ቅንጣት) የላቸውም። የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ግን ውሃ ውስጥ ሲገባ ወደ አዮንነት ይለወጥና በደንብ ያስተላልፋል። የመሟሟት ነገር እንደ ሟሚው ይለያያል። አዮዲን በውሃ እምብዛም አይሟሟም። በአልኮል ግን በደንብ ይሟሟና ቡናማ ይሆናል፣ ሄክሴን በሚባለው ፈሳሽ ደግሞ ሐምራዊ።

ከሕጉ የሚያፈነግጠው ውሃ ነው። ከሱ የሚከብደው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ላይ ይፈላል። በዚያ ስሌት ቢሆን ውሃም ጋዝ በሆነ ነበር። ያዳነው የሃይድሮጅን ትስስር ነው። የአንዱ ሞለኪውል ሃይድሮጅን በጎረቤቱ ኦክስጅን አጥብቆ ስለሚሳብ፣ ውሃ በባሕር ጠለል እስከ 100 ዲግሪ ይታገሣል። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ 92 ገደማ ላይ ይፈላል። ደጋ ላይ ባቄላና ሽምብራ ቶሎ አልበስል የሚለውም ውሃው ከዚያ በላይ ስለማይሞቅ ነው።