ሁለት የድመት ልጆች እና አለርጂ ያለበት ቤት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የጎረቤታችን ድመት አራት ወለደች። ሁለቱ ቶሎ ሰው አገኙ። የቀሩት ሁለቱ በፓስታ ካርቶን ውስጥ፣ አሮጌ ሹራብ ላይ ተቃቅፈው ተኝተው አየኋቸው። አንዱ ዥጉርጉር ወንድ ነው። አንዷ ነጭ ሴት። ልቤ እዚያው ካርቶኑ ውስጥ ቀረ።

ችግሩ ባለቤቴ ነው። ድመት ያለበት ቤት ገብቶ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ዓይኑን ማሸት ይጀምራል። ከዚያ ማስነጠስ ነው፣ አከታትሎ ሰባት ስምንት ጊዜ። እሱም ግን ድመት ይወዳል። ልጅ ሆኖ አያቱ ቤት ከድመት ጋር ነው ያደገው።

ወሬው ሲሰማ ሁሉም የየራሱን ምክር ይዞ መጣ። አማቴ፣ ቡና የሚጠጡት ጎረቤቶች፣ አሜሪካ ያለችው እህቴ። ከምክሩ ብዙው ስህተት ነበር። አንዳንዱ እንዲያውም አደገኛ። ስለዚህ ሐኪምም የእንስሳት ሐኪምም ጠየቅን፣ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። እንደኛው ልባቸው ድመት እየፈለገ ቤታቸው ውስጥ የሚያስነጥስ ሰው ላለባቸው ይጠቅማል ብዬ አንድ በአንድ እጽፈዋለሁ።

«አለርጂው ከፀጉሯ ነው»

የስህተቱ ሁሉ እናት ይሄ ነው። ፀጉሯ በራሱ ጥፋት የለበትም። የሰውየው ሰውነት የሚቆጣው ድመቷ በምትሠራው ፕሮቲን ነው። ዋነኛው ፌል ዲ 1 ይባላል። ለድመት አለርጂ ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹን የሚያስቸግራቸው እሱ ነው። የሚገኘው ምራቋ ውስጥና ቆዳዋን በሚያወዙት ዕጢዎች ውስጥ ነው።

ድመት ደግሞ ነቅታ ከምትውልበት ሰዓት ሰፊውን ድርሻ ራሷን ስትልስ ታሳልፋለች። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ይባል የለ፣ መላስም አመሏ ነው። ምራቁ ፀጉሯ ላይ ይደርቃል። ከቆዳዋ ቅርፊት ጋር ተፈርፍሮ አየር ላይ ይወጣል። ከብናኙ የተወሰነው በጣም ደቃቅ ስለሆነ ለሰዓታት ሳይወርድ ይንሳፈፋል።

ይሄን አንብቤው ነበር እንጂ በደንብ የገባኝ አንድ ቀን ጠዋት ነው። ፀሐይ በመስኮት ገብታለች። ዥጉርጉሩ፣ ነብሮ ነው ያልነው፣ የሶፋው ክንድ ላይ ተቀምጦ ደረቱን ይልሳል። ጨረሰና ተነስቶ ራሱን አራገፈ። በብርሃኑ ውስጥ አንድ ጭጋግ የመሰለ ብናኝ ብን ሲል አየሁት። ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። አልወርድ አለ። ባለቤቴ የሚተነፍሰው እሱን ነው።

ይሄ ከገባችሁ ሌላው ሁሉ ይቀላል። ፀጉሯን መላጨት ለምን እንደማይረዳ ይገባችኋል። ፀጉር አልባ የሆነው ዘርም ለምን እንደሚያስነጥስ ይገባችኋል። ብናኙ ልብስ ላይ ተጣብቆ ስለሚጓዝ ድመት ገብታበት የማታውቅ ክፍል ውስጥም ይገኛል፣ ትምህርት ቤት ውስጥ እንኳን። ታክሲ ውስጥ ድመት ካለው ሰው አጠገብ ተቀምጦ የሚያስነጥስ ሰው አላበደም።

«ድመት አስም ታመጣለች»

ይሄ የአማቴ ነው። «ፀጉሯን የዋጠ ሰው አስም ይይዘዋል» ይላሉ። በልጅነቱ ይሄን ያልሰማ የለም። ፀጉር መዋጥ አስም አያመጣም። የተዋጠው ወደ ሆድ ነው የሚሄደው፣ አስም የሳንባ ነገር ነው። በዘር የሚወረስ ዝንባሌ አለው፣ የሚተነፍሱት አየርም ድርሻ አለው። ከድመት ወደ ሰው እንደ ጉንፋን የሚተላለፍ ነገር አይደለም።

ግን አማቴን ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል ማለት አልችልም። አስም ያለበት ሰው ለድመት አለርጂ ካለው ያ ብናኝ አስሙን ሊቀሰቅስበት ይችላል። ቀልድ አይደለም። ደረቱ ሲር ሲር የሚል፣ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ሌሊት በሳል የሚነቃ፣ ፓፍ ቶሎ ቶሎ የሚያስፈልገው ሰው ቤት ካለ መልሱ አሁን አይሆንም ነው። መጀመሪያ አስሙ በሐኪም ይያዝ። የድመቶቹ ቁንጅና እዚህ ላይ ምንም ቦታ የለውም። በተለይ ታማሚው ልጅ ከሆነ።

የባለቤቴ አለርጂ አፍንጫና ዓይን ላይ ብቻ ነው። ያንን ሐኪም ካረጋገጠልን በኋላ ነው ወደ ካርቶኑ የተመለስነው።

«አንዴ አቅፎ ካላስነጠሰ ችግር የለም»

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ጎረቤት ሄዶ ድመቷን አንስቶ፣ አምስት ደቂቃ አቅፎ፣ «ምንም አላደረገኝም» ብሎ መውሰድ። አንዳንዱ ሰው ወዲያው ነው የሚያስነጥሰው። ሌላው ከሰዓታት በኋላ፣ ወይም ለቀናት ከተጋለጠ በኋላ ነው የሚታወቀው።

ተገላቢጦሹም አለ። ባለቤቴ ጎረቤታችን ቤት ሲገባ ወዲያው ነው ዓይኑ የቀላው። ግን እዚያ ቤት እናትየዋ ስንት ዓመት ኖራለች። ሶፋው፣ ምንጣፉ፣ መጋረጃው ሁሉ ጠግቧል። የተፈተነው ከሁለቱ ልጆች ጋር ሳይሆን ከቤቱ ጋር ነው። በሌላ በኩል የራሳችሁ ቤት በመጀመሪያው ሳምንት ንጹህ ስለሆነ ያታልላችኋል። ብናኙ የሚጠራቀመው ቀስ በቀስ ነው።

እኛ እንዲህ አደረግን። በመጀመሪያ ባለቤቴ ተመረመረ። ክንድ ላይ በመርፌ ጫፍ የሚደረግ ምርመራ አለ፣ በደምም ይታያል። ይሄ ሳይደረግ «የድመት ነው» ማለት ግምት ነው። ቤት አቧራ ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት፣ በረሮ፣ ሻጋታ፣ የአይጥ ሽንት ራሱ ያስነጥሳል። የድመቷ ስም የሚጠፋው በከንቱ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ልጆቹ በረንዳ ላይ ወጥተው፣ ከእናታቸው ቤት አየር ውጪ፣ ሦስት ቀን አንድ አንድ ሰዓት አብሯቸው ተቀመጠ። አፍንጫው ቢያሳክከውም ቻለው። ከዚያ ከጎረቤታችን ጋር የሁለት ወር ቃል ተገባባን። ስለ ቃሉ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

«ገና ልጆች ስለሆኑ አያስቸግሩም»

ትንሽ ድመት ትንሽ ብናኝ ታወጣ ይሆናል። ግን ታድጋለች። በሦስት ወሯ ያላስነጠሰች በዓመቷ ልታስነጥስ ትችላለች። የምትወስኑት ስለ ካርቶኗ ድመት ሳይሆን 15 ዓመትና ከዚያ በላይ አብራችሁ ስለምትኖር ድመት ነው።

«አለርጂ እያለ ሁለት? ከፈለጋችሁ አንድ ይበቃል»

ይሄንን ያላለኝ ሰው የለም። እኔም ሳስበው ልክ መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ እውነቱን ልናገር። ሁለት ድመት ከአንድ የበለጠ ብናኝ ያወጣል። ይሄን የሚክድ ሰው አትስሙ። አንዷን በጭንቅ የሚችል ሰው ሁለት መውሰድ የለበትም። ነገር ግን ቁጥር ብቻ አይደለም የሚወስነው። ድመቶች በዚህ በጣም ይለያያሉ። የአንዷ ፌል ዲ 1 ከሌላዋ ብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። አንድ «ኃይለኛ» ድመት ከሁለት ለስላሶች ልትብስ ትችላለች። ከሩቅ አይቶ ማወቅ ስለማይቻል ነው ሰውየው ከእነዚያው ከሚወስዳቸው ድመቶች ጋር መሞከር ያለበት።

ለምን ሁለት? እኔና ባለቤቴ ቀን ሥራ ነን። ብቻዋን የምትውል የድመት ልጅ ስንገባ የምትጫወተው በእኛ እጅና እግር ነው። ትቧጭራለች፣ ትነክሳለች፣ ትልሳለች። አለርጂ ያለበት ሰው ቆዳ ደግሞ የተቧጨረበት፣ የተላሰበት ቦታ ላይ ነው ቀይ ሆኖ የሚያብጠው። ሁለቱ አብረው ካደጉ ጉልበታቸውን እርስ በርስ ይጨርሱታል። አንዱ ጠንከር አድርጎ ሲነክስ ሌላዋ ጮኻ ጨዋታውን ታቆማለች። ንክሻን መመጠን የሚማሩት እንዲህ ነው፣ ሰው አያስተምራቸውም። ነጯ፣ ጥጥዬ፣ ነብሮን ጆሮውን ይዛ መሬት ስታስተኛው ማታ ማታ አያለሁ። ባለቤቴ ከሶፋው ሆኖ እያየ ይስቃል። ካልፈለገ አይነካቸውም፣ እነሱም አይጨቀጭቁትም።

እናታቸውን ሳይጠግቡ ግን አትውሰዷቸው። ቢያንስ ስምንት ሳምንት፣ ቢሆን ከዚያ ይቆዩ።

አንድ ነገር ደግሞ ከልቤ ላሳስብ። እህትና ወንድም ናቸውና አይገናኙም የሚሉ አሉ። ይገናኛሉ። ሴት ድመት ገና በአራት ወሯ ልታረግዝ ትችላለች፣ እርግዝናው ሁለት ወር ገደማ ነው። ዓመት ሳይሞላ ሁለት ያላችሁት ሰባት ይሆናል። ስለዚህ ከአራት እስከ አምስት ወራቸው ወንዱን ማኮላሸት፣ ሴቷን ማምከን ያስፈልጋል። ለአለርጂውም ይጠቅማል። ያልተኮላሸ ወንድ ከተኮላሸው የበለጠ ፌል ዲ 1 ያወጣል። የእብድ ውሻ ክትባታቸውንም አብራችሁ ጨርሱ። ስሙ የውሻ ቢሆንም ድመትንም ይይዛል።

«አለርጂ የማታስነሳ የድመት ዘር አለች»

ይሄ የእህቴ ነው። እሷ ያለችበት አገር በዚህ ስም ድመት በብዙ ዶላር ይሸጣል። የሳይቤሪያ ድመት፣ ባሊኒዝ፣ ስፊንክስ። ጨርሶ አለርጂ የማታስነሳ ድመት የለችም። ብሩን ለምርመራው አውሉት። እሷ አገር በ2020 እ.ኤ.አ. ፑሪና «ፕሮ ፕላን ላይቭክሊር» የሚባል የድመት ምግብ አውጥቷል። ከእንቁላል የሚገኝ ፀረ እንግዳ አካል ምራቋ ውስጥ ፌል ዲ 1ን እንዲይዘው ያደርጋል። ኩባንያው ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ በአማካይ 47 በመቶ ይቀንሳል ይላል። ውጭ አገር ላላችሁ ከሌላው ጥንቃቄ ጋር አንድ እርዳታ ነው፣ ግን ግማሹ አሁንም እዚያው አለ።

«እየቆየ ይለምደዋል»

አንዳንዱ ይለምደዋል። አንዳንዱ ይብስበታል። የትኛው እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያውቅ የለምና በዚህ ተስፋ ድመት አይወሰድም። ዝም ብሎ በመታገስ የሚመጣ ለውጥ ላይ መተማመን አይቻልም።

ሐኪም የሚያስለምድበት መንገድ ግን አለ። ሰውነት ቀስ በቀስ እንዲለምድ የሚሰጥ የአለርጂ መርፌ ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው፣ ሊዮናርድ ኑን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ለሣር አበባ ብናኝ አለርጂ ያሳተመው በ1911 እ.ኤ.አ. ነው። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይወስዳል፣ በሐኪም ክትትል ብቻ ነው የሚሰጠው።

ክኒንስ? ሴትሪዚንና ሎራታዲን ለማስነጠሱና ለማሳከኩ ይረዳሉ። ለታፈነ አፍንጫ ብዙ ጊዜ የተሻለው የሚረጨው ስቴሮይድ ነው፣ በየቀኑ ሲወሰድ። ግን ክኒን እየዋጠ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ችግሩን እየሸፈነ ነው። ያ ሐኪም ቤት የሚያስሄድ ነው።

«ድመቷን ማጠብ ነው መፍትሔው»

ይቀንሳል፣ ግን በሳምንት ውስጥ ተመልሶ ወደነበረበት ይመጣል። ድመቷም ትሰቃያለች። ከድመቷ ይልቅ ቤቱን እጠቡ።

እኛ ቤት ትልቁን ለውጥ ያመጣው መኝታ ቤቱ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ድመት አይገባበትም። አንድ ቀንም ቢሆን። ሰው በቀን ስምንት ሰዓት የሚተነፍሰው እዚያ ነው። ሳሎን ያለውን ትልቅ ምንጣፍ አነሳነው፣ የሴራሚክ ወለል በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል። ደረቅ መጥረጊያ ተውን፣ የወረደውን መልሶ ያስነሳዋል። ሶፋው ላይ የሚታጠብ ነጠላ ጨርቅ አለ፣ በየሳምንቱ ይታጠባል። መስኮት ጠዋት ጠዋት ይከፈታል። የሚያጥበውም የሚወለውለውም እኔ ነኝ። አለርጂ ያለበት ሰው ይሄን መሥራት የለበትም፣ ካለበትም አፍና አፍንጫውን ይሸፍን። የሚጸዳዱበት ሳጥን ውስጥ መጀመሪያ ሰጋቱራ አድርገን ነበር። ብናኙ ራሱ አስነጠሰው። አሁን አሸዋ ነው።

ሄፓ ማጣሪያ ያለው የአየር ማጽጃ ማግኘት ለሚችል ደቃቁን ብናኝ ይቀንስለታል። ምንጣፉና ሶፋው ከጠገበ ግን ማሽን ብቻውን አይችለውም።

«ካልሆነ እናወጣቸዋለን፣ በማግስቱ ይድናል»

በማግስቱ አይድንም። ድመት ከወጣች በኋላ ቤት ውስጥ ያለው ፌል ዲ 1 ድመት ወደሌለበት ቤት መጠን እስኪወርድ 20 ሳምንትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። ሶፋና ፍራሽ አይለቁም። ድመቷን አባርሮ «አሁንም ያስነጥሰኛል፣ ለካ እሷ አልነበረችም» የሚል ሰው ስንት አለ።

«ማውጣት» ሲባል ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። በጆንያ አድርጎ ወንዝ ማዶ ወይም ገበያ ጥሎ መመለስ። ቤት ያደገች ድመት እዚያ ውሻ፣ መኪናና ረሃብ ነው የሚጠብቃት። እባካችሁ ይሄን አታድርጉ።

ከጎረቤታችን ጋር የተገባባነው ቃል ይሄ ነበር። በሁለት ወር ውስጥ የባለቤቴ ደረት ሲር ካለ፣ ወይም ሌሊት መተኛት ካቃተው፣ ሁለቱም አንድ ላይ ወደ እናታቸው ይመለሳሉ። ካርቶኑን አልጣልነውም። እሳቸውም «ግድ የለም፣ የኔው ናቸው» አሉ። ሁለት ወሩ ያለፈው ባለፈው እሑድ ነው። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ሁለቴ ያስነጥሳል፣ አፍንጫውን ይረጫል፣ ሥራ ይሄዳል። ካርቶኑን ነብሮና ጥጥዬ ይተኙበታል።