ከሞተርሆም ጀርባ የምትጎተት መኪና፦ ስለ ፍሬኗና ባትሪዋ የሚባለውና እውነታው

አሜሪካ ውስጥ በሞተርሆም (እንደ ቤት በሚኖርበት ትልቅ መኪና) ረጅም መንገድ የሚጓዙ ብዙዎች ትንሽ መኪና ከኋላ አስረው ይጎትታሉ። አራቱም ጎማ መሬት ላይ ነው፣ ሞተሯ ጠፍቷል፣ ሹፌር የላትም። እና ስለዚህ ነገር የሚወራው ስህተት መብዛቱ!

«ሞተርሆሙ ግዙፍ ነው፣ ፍሬኑ ለሁለቱም ይበቃል።»
አይበቃም። ፍሬኑ የተሠራው የራሱን ክብደት ችሎ እንዲያቆም ነው። ባለ አራት በር ጂፕ ራንግለር ብቻዋን 4,000 ፓውንድ ገደማ ትመዝናለች። ኮሎራዶ ላይ ከአይዘንሃወር ዋሻ ወጥታችሁ ያንን ቁልቁለት ስትወርዱ ይሄ ሁሉ ክብደት ከኋላ ይገፋችኋል። ትራክ ለሚነዱ ወገኖቻችን ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፣ ተሳቢያቸው የራሱ ፍሬን አለው።

«እየተጎተተች ባትሪዋን ትሞላለች።»
ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ዲናሞውን የሚያዞረው ሞተሩ እንጂ ጎማው አይደለም። ሞተሩ ከጠፋ ባትሪው መስጠት እንጂ መቀበል የለም። ፍጆታው ደግሞ አይታይም፦ በብዙ መኪኖች መሪው እንዳይቆለፍ ቁልፉ እንደተከፈተ ይቆያል፣ ሞተርሆሙ ፍሬን ሲይዝ ከሹፌሩ ወንበር ፊት ተቀምጦ የመኪናዋን የፍሬን ፔዳል የሚረግጥላት ሳጥን ከሲጋራ መለኮሻው ኮረንቲ ይስባል፣ በተረገጠ ቁጥርም የፍሬን መብራቱ ይበራል። በአማካይ 4 አምፔር ቢሳብ እንኳ በ6 ሰዓት መንገድ 24 አምፔር-ሰዓት ሄደ ማለት ነው፤ ከአንድ ተራ የመኪና ባትሪ ግማሽ የሚጠጋ።

«ቢያልቅስ? ደርሼ በኬብል አስነሳታለሁ።»
ጭንቁ ማስነሳቱ ቢሆን ጥሩ ነበር። መጎተቻው ተበጥሶ መኪናዋ ብትለይ ፍሬኗን የሚያስይዝ ማብሪያ አለ። ገመዱ ሞተርሆሙ ላይ ይታሰራል፣ ሲነቀል ፍሬኑ ይይዛል። ግን በብዙዎቹ መሣሪያዎች ኃይሉ የሚመጣው ከዚያችው መኪና ባትሪ ነው። ባትሪው ከሞተ ገመዱ ተነቀለ አልተነቀለ ልዩነት የለውም፤ 4,000 ፓውንድ ብረት መንገድ ላይ ተለቀቀ ማለት ነው። እባካችሁ ፍሬኑንና ባትሪውን ለያይታችሁ አትዩ። አንዳንድ ማንዋል «ስትጎትት የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀል» ይላል፤ እንደዚያ ከሆነ ለፍሬኑ ሌላ የኃይል ምንጭ ማዘጋጀት ግድ ነው።

«ከሞተርሆሙ አንድ ሽቦ መሳብ በቂ ነው።»
መሳቡ ትክክል ነው፣ እንዲያውም ዋናው መፍትሔ እሱ ነው። ግን ያን ያህል ርዝመት ላይ ቀጭን ሽቦ ከሆነ ቮልቴጁ መንገድ ላይ ይወርዳል። ፊውዝም በሁለቱም ጫፍ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም በሁለቱም በኩል ባትሪ አለ፤ ሽቦው ተፍቆ ብረት ቢነካ ከሁለቱም አቅጣጫ እሳት ይመጣል። የሽቦው መገናኛ ሶኬት ላይ ኮረንቲ መድረሱን ደግሞ ሞተርሆሙ እየሠራ በቴስተር ለኩ።

«ሳጥኑ ፔዳሉን ጠንከር አድርጎ ቢረግጥ ይሻላል።»
ከመጠን ያለፈ ከሆነ ፍሬኑ ሳይለቅ እንደያዘ ሊቀር ይችላል። ጎማው ይግላል፣ ይጨሳል፣ እናንተ ግን ሞተርሆሙ ጉልበተኛ ስለሆነ ምንም አይሰማችሁም። ፍሬኑ መያዙን የሚያሳይ መብራት ዳሽቦርዳችሁ ላይ ይኑር። መጀመሪያ በቆማችሁበት ቦታም ወርዳችሁ እጃችሁን ወደ ቸርኬዎቹ አስጠጉ፣ ሳትነኩ። አንዱም ቢሆን የሚጋረፍ ከሆነ ሳይስተካከል አትንቀሳቀሱ።