የውሻና የድመት ሰገራ አወጋገድ በጅማ ግቢዎች

ጅማ ውስጥ ውሻ በአብዛኛው የግቢ ጠባቂ ነው። ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይለቀቃል። ሰገራውም እዚያው ግቢ ይቀራል። ጠዋት አንዱ አጥር ሥር ይወረውረዋል፣ ሌላው በፌስታል ቋጥሮ ቦይ ውስጥ ይጥለዋል። ከተማዋ ደግሞ ዝናብ አታጣም፤ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ታገኛለች። ቦይ ውስጥ የተጣለው ሁሉ ጎርፍ ሲመጣ ወደ አዌቱ ወንዝ ይወርዳል።

«እበትስ ሜዳ ላይ አይደል የሚወድቀው?» የሚል አይጠፋም። ከብት ግን ሣር በል ነው። ውሻ ሥጋና ትራፊ ይበላል፤ ወደ ሰው የሚተላለፉ ትሎችም ሆዱ ውስጥ ይኖራሉ። የውሻ ወስፋት እንቁላል አፈር ውስጥ ለዓመታት መቆየት ይችላል። አፈር ሲጫወት ውሎ እጁን ሳይታጠብ የሚበላ ልጅ ይውጠዋል። የድመት ሰገራ ደግሞ ለነፍሰ ጡር የሚያሰጋውን ቶክሶፕላዝማ የተባለ ተውሳክ ሊይዝ ይችላል። ተውሳኩ ሰውን መያዝ የሚችለው ከወጣ ከ1 እስከ 5 ቀን ቆይቶ ስለሆነ በየቀኑ ማንሳት ትልቅ ጥቅም አለው። ለድመቷ መጸዳጃ ከአናጢ ቤት የሚገኝ ሰጋቱራ ይበቃል። ነፍሰ ጡር ካለች ማጽዳቱን ሌላ ሰው ይያዝላት።

ለብዙው ግቢ የሚቀለው መንገድ የጉድጓድ ሽንት ቤት ነው። በአካፋ አንስቶ መጨመር፣ አለቀ። ፌስታሉ ግን አብሮ አይግባ። አይበሰብስም፤ መጣጭ መኪና ሲመጣም ቱቦውን ይዘጋል።

ሌላው መቅበር ነው። ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይቆፈራል። በየጊዜው አፈርና አመድ ይነሰነስበታል። በቦዬ ረግረግ በኩል ላሉ ዝቅተኛ ሰፈሮች ይህን አልመክርም፤ ክረምት ላይ ጉድጓዱ ውሃ ያቁራል። ማቃጠልም አያዋጣም። እርጥብ ነገር አይነድም፣ ትርፉ ከጎረቤት መጣላት ነው።

ኮምፖስትስ? አላስካ ውስጥ የበረዶ ጋሪ የሚጎትቱ ውሾች ያሏቸው ሰዎች ሁለት እጅ ሰገራ ከአንድ እጅ ሰጋቱራ ጋር ቀላቅለው ያብላላሉ። ጅማ ላይ በሰጋቱራው ፋንታ የቡና ገለባ ሊሞከር ይችላል፤ እሱ እንደሆነ ሞልቷል። ችግሩ ሙቀቱ ነው። ተውሳኩ እንዲሞት ክምሩ ውስጡ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መድረስ አለበት፤ የአንድ ውሻ ሰገራ ደግሞ ይህን ያህል የሚሞቅ ክምር አይወጣውም። ብዙ ውሻ ያለው ሰው ይሞክረው። የሚወጣው ፍግም ለአበባና ለአጥር ዛፍ እንጂ ለጎመንና ለሰላጣ አይሁን።

ሥራው የሚጀምረው ግን ከውሻው ሆድ ነው። የእንስሳት ሐኪም በሚያዘው ጊዜ የትል መድኃኒት መስጠት ያስፈልጋል። ለበዓል በግ ሲታረድም ውሃ የቋጠረ ጉበት ወይም ሳንባ ከተገኘ ለውሻ አይጣልም። የትሉ እጭ ያለው እዚያ ነው፤ ውሻው ሆድ ውስጥ አድጎ እንቁላሉን በሰገራ ወደ ግቢው ይመልሳል። እንዲህ ያለው ጉበት ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበራል፣ ወይም ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ይጣላል።