ገብር ኄር ማን ነው?

በዐቢይ ጾም ስድስተኛ እሑድ፣ ፒያሳ ጊዮርጊስ ደጃፍ አንዷ ልጅ ጓደኛዋን «ገብር ኄር የቱ ጻድቅ ነው?» ስትላት ሰማሁ። ጻድቅ አይደለም፤ በግእዝ «በጎ አገልጋይ» ማለት ነው። ስሙ የመጣው ከዕለቱ ወንጌል፣ ከማቴዎስ 25፥14-30 ነው። በምሳሌው አንድ ጌታ ለሦስት አገልጋዮቹ መክሊት የሚባል ገንዘብ አደራ ሰጥቶ ሄደ፤ ሁለቱ ነግደው አተረፉና «በጎ አገልጋይ» ተባሉ።

የሚከብደው ሦስተኛው አገልጋይ ነው። አልሰረቀ፣ አላባከነ፤ አንዲቱን መክሊት ቀብሮ መለሰ። ታዲያ ለምን ወደ ጨለማ ተጣለ? እኔንም ሲከነክነኝ ኖሯል።

መክሊት ሳንቲም ይመስለናል እንጂ 6,000 ዲናር ገደማ የሚያወጣ፣ በክብደት የሚለካ የብር ማዕድን ነው። ዲናር ደግሞ የቀን ሠራተኛ የአንድ ቀን ደመወዝ ነበር። እንግዲህ የ16 ዓመት ደመወዝ ነው የቀበረው! እሱም «ትንሽ ሰጠኸኝ» አላለም፤ «ጨካኝ መሆንህን አውቃለሁ፣ ፈራሁ» ነው ያለው። ጌታውም ቢያንስ ለገንዘብ ለዋጮች ሰጥተኸው ቢሆን ከነወለዱ እወስደው ነበር አለው።