«ልጄ ማጥናት አይወድም» ለምትሉ ወላጆች

«ሰነፍ ስለሆነ ነው»

በብዛት የምሰማው ይሄን ነው። የስድስተኛ ክፍል ልጅ የሂሳብ ደብተሩን ከፍቶ እርሳስ ይቀርጻል፣ ውሃ ሊጠጣ ይነሳል፣ ሽንት ቤት ይመላለሳል። እናት ትጮኻለች። አጠገቡ ቁጭ ብሎ ላየው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጥያቄው 3/7 እና 1/8 ደምር ይላል። ልጁ ደግሞ 7 ሲባዛ በ8 ስንት እንደሆነ አያውቅም። የጎደለው ከስር ያለው የማባዛት ትምህርት ነው። የማይገባውን ነገር በየማታው ፊቱ ሲደቅኑበት ማን ይወዳል? ሳታፍሩ ሁለት ሦስት ክፍል ወደ ኋላ ወዳለው ትምህርት መልሱት፤ ከሚችለው ይጀምር። «መጀመሪያ ፍላጎት ይኑረው» እንላለን። ብዙ ጊዜ ግን ፍላጎት የሚመጣው መቻል ሲጀምር ነው።

«አንደኛ ከወጣህ ስልክ እገዛልሃለሁ»

ሽልማት ለጊዜው ያሠራል፣ አልክድም። ጣጣው ቀድሞ የተዋዋሉበት ክፍያ ሲሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ሥዕል የሚወዱ ሕፃናትን ወሰደ። ለአንዳንዶቹ «ከሣላችሁ ትሸለማላችሁ» ተባለ። ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ የሚሥሉበት ማርከር ያለ ምንም ሽልማት ሲቀርብላቸው፣ እነዚህ ልጆች የሣሉት ከሌሎቹ ግማሽ ለሚሆን ጊዜ ብቻ ነበር። ሳያስቡት የተሸለሙት ግን ፍቅራቸው አልቀነሰም። እና ካርድ የተሰጠ ቀን ኬክ ብትገዙ ችግር የለውም። በየምዕራፉ ዋጋ መደራደር ነው የሚያበላሸው።

«የጎረቤትን ልጅ አታይም?»

ያያታል። ይጠላታል። ደብተሩን ግን አይከፍትም።

«ጭንቅላት አለህ ማለት ያበረታታዋል»

ደስ ይለዋል፤ ግን ያስፈራዋልም። እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣ ጥናት «ብልህ ናችሁ» የተባሉ የአምስተኛ ክፍል ልጆች ቀጥሎ ቀላሉን ሥራ መምረጥ አበዙ። «ጥሩ ለፍታችኋል» የተባሉት ደግሞ ከባዱን ደፈሩ። ነገሩ ግልጽ ነው፦ ብልህ የተባለ ልጅ ቢሳሳት ስሙ ይጠፋበታል። ስለዚህ «በሌላ መንገድ ሞከርከው፣ ወጣልህ» በሉት። የሠራውን ለይቶ መናገር ይሻላል።

«ሦስት ሰዓት ከተቀመጠ አጥንቷል»

ደብተር ላይ ማፍጠጥና ማጥናት ለየቅል ናቸው። ሃያ ደቂቃ አንብቦ፣ ደብተሩን ዘግቶ፣ ያስታወሰውን በራሱ ቃል ይንገራችሁ። ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ እንዲህ ያጠና ልጅ ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚያስታውስ በተደጋጋሚ ታይቷል።

«እኔ አልተማርኩም፣ በምን ላግዘው?»

ይሄኛው በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ያልተማረች እናት እዚህ ላይ ብልጫ አላት። እውነትም ስለማታውቀው «ፀሐይና ተክል ምን አገናኛቸው? እስቲ አስረዳኝ» ስትል ልጁ ፈተና አይመስለውም። ሽንኩርት እየላጠች ትጠይቀው። ሲደናቀፍ ራሱ ሮጦ ደብተሩን ያያል።