ኢቨንቲንግ፦ ሦስት ፈተና በአንድ ፈረስ

ኢቨንቲንግ አንድ ጋላቢ በአንድ ፈረስ ሦስት ፈተና የሚወጣበት ውድድር ነው፦ የሥርዓት ግልቢያ (ድሬሳዥ)፣ አገር አቋራጭ እና የመሰናክል ዝላይ። በመሃል ፈረስ መቀየር የለም። በአንዱ ፈተና የደከመ ወይም የተቆጣ ፈረስ ለቀጣዩም ያው እሱ ነው፤ የውድድሩ ክብደት እዚህ ላይ ነው። ግለሰቦችና ብሔራዊ ቡድኖች ባንድ ሜዳ፣ ባንድ ጊዜ ይወዳደራሉ። በአማርኛ ስለዚህ ስፖርት የተጻፈው ጥቂት ስለሆነ ይህ ዳሰሳ ሱሉልታ፣ ሰንዳፋና ሆለታ አካባቢ ፈረስ ለሚያሠለጥን ሰው የሚጠቅመውን ያስቀድማል።

ውጤት የሚያዘው በቅጣት ነጥብ ነው፤ ትንሽ ያለው ያሸንፋል። ድሬሳዥ 20 በ60 ሜትር በሆነ ሜዳ ይካሄዳል። ዳኞች ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ከ0 እስከ 10 ይሰጣሉ፤ አማካዩ በመቶኛ ተሰልቶ ከ100 ይቀነሳል። 68.5 በመቶ ያገኘ ፈረሰኛ በ31.5 ቅጣት ይጀምራል ማለት ነው። በአገር አቋራጭ ፈረሱ መሰናክል ፊት ቢቆም ወይም ቢያፈነግጥ 20፣ እዚያው ቢደግም 40 ይጨመርበታል፤ ሦስተኛው ከውድድር ያስወጣል። ጋላቢው ከወደቀ ለዚያ ፈረሰኛ ውድድሩ አበቃ። ከተወሰነው ሰዓት በላይ ለሚያልፍ እያንዳንዱ ሰከንድ 0.4 አለ። በዝላይ የወደቀ አግዳሚ 4 ያስቀጣል። እንግዲህ ያ ባለ 31.5 ፈረሰኛ ፈረሱ አንዴ ቢያፈነግጥበት፣ 15 ሰከንድ ቢዘገይና አንድ አግዳሚ ቢጥል 20፣ 6 እና 4 ተደምረውበት በ61.5 ይጨርሳል።

በዓለም ሻምፒዮና አንድ ቡድን አራት ፈረሰኞች ያሰልፋል፤ የሚያዝለት የተሻሉት የሦስቱ ውጤት ነው። በኦሎምፒክ ግን ከቶኪዮ 2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሦስት ብቻ ይሰለፋሉ፣ የሦስቱም ይደመራል። ተጠባባቂ ማስገባት ይቻላል፤ ዋጋው 20 ቅጣት ነው። ከባዱ መሰናክል ብዙ ጊዜ ሁለት መንገድ አለው፤ አጭሩ ያስፈራል፣ ረጅሙ ሰከንድ ይበላል። ለግል ሜዳሊያ የሚጋልብ አጭሩን ይመርጣል። ለቡድን ቀድሞ የወጣ ፈረሰኛ ግን ረጅሙን ቢይዝ ፈሪ አይባልም።

ስፖርቱ የተወለደው ከጦር ፈረሰኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ፓሪስ ላይ የተካሄደው የጦር ፈረስ ሻምፒዮና ጅማሬው ተደርጎ ይወሰዳል። መኮንኑ የሚጋልበው ፈረስ ሰልፍ ላይ ታዛዥ፣ መልእክት ሲያደርስ ደፋር፣ በማግስቱም ለአገልግሎት ብቁ መሆኑን ማሳየት ነበረበት፤ የዛሬዎቹ ሦስት ፈተናዎች የነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ናቸው። በ1912 በስቶክሆልም ወደ ኦሎምፒክ ሲገባ የተፈቀደው ለጦር መኮንኖች ብቻ ነበር፤ ስዊድናዊው አክሰል ኖርድላንደር በግልም በቡድንም ወርቅ ወሰደ። ለእኛ አገር ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ምኒልክን አባ ዳኘው፣ አሉላን አባ ነጋ፣ መኮንንን አባ ቃኘው ብሎ በፈረሱ ስም የሚጠራ ሕዝብ፣ በኢቨንቲንግ የውጤት ሰሌዳ የፈረሱ ስም ከጋላቢው ጎን መጻፉን ሲያይ አይደነቅም።

በ1936 የበርሊን ኦሎምፒክ አራተኛው መሰናክል ብዙ ፈረሶችን ጣለ፤ ዘለው የሚገቡበት ኩሬ ወለሉ ለስላሳና ያልተስተካከለ ነበር። ጀርመኖች ጠንካራውን ወገን አስቀድመው ያውቁ ነበር የሚል ክስ እስከ ዛሬ ይሰማል፤ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ጀርመናዊው ፎን ቫንገንሃይም ግን የአንገት አጥንቱ (ከትከሻው ጋር የሚያያዘው) ተሰብሮ ውድድሩን መጨረሱና ቡድኑን ለወርቅ ማብቃቱ አያከራክርም። በእንግሊዝ ባድሚንተን በተባለ ስፍራ የሚካሄደው የኢቨንቲንግ ውድድር በ1949 ተጀመረ። በ1956 የሜልቦርን ኦሎምፒክ አውስትራሊያ በእንስሳት ኳራንቲን ሕጓ ምክንያት የውጭ ፈረስ ስላላስገባች የፈረስ ውድድሩ ለብቻው በሰኔ ወር ስቶክሆልም ላይ ተካሄደ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈችበት ኦሎምፒክ ይኸው ነበር፤ ሯጮቻችንና ብስክሌተኞቻችን ሜልቦርን ሲደርሱ ፈረሶቹ ከወራት በፊት በሌላ አህጉር ጨርሰው ነበር። በ1964 ቶኪዮ ላይ አሜሪካዊቷ ላና ዱፖንት በኦሎምፒክ ኢቨንቲንግ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

እስከ 2004 ዋዜማ ድረስ ሁለተኛው ቀን ብቻውን አራት ክፍል ነበረው፦ በሶምሶማ የሚኬድ ረጅም መንገድ፣ በሽምጥ የሚዘለል የቁጥቋጦ አጥር፣ እንደገና ረጅም መንገድ፣ ከዚያ አገር አቋራጩ። የአቴንስ ኦሎምፒክ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን አስቀረ። ፈረስ ተረፈ የሚሉ አሉ፤ እውነተኛው ፈተና ቀረ የሚሉም አሉ። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ በአጭሩ የጀርመናዊው ሚካኤል ዩንግ ነው፤ በ2012፣ በ2016 እና በ2024 የግል ወርቅ ወስዷል። በመሃል በቶኪዮ 2020 የአገሩ ልጅ ዩሊያ ክራየቭስኪ አሸንፋ በዚህ ውድድር የግል ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች።

ደረጃው ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ነው። በአንድ ኮከብ የአገር አቋራጩ ጠንካራ መሰናክል ከፍታ እስከ 1.05 ሜትር፣ ፍጥነቱ በደቂቃ 500 ሜትር ነው። በአምስት ኮከብ 1.20 ሜትር ሲሆን፣ ላዩ ቅጠልና ጭራሮ ከሆነ እስከ 1.45 ይደርሳል፤ ፍጥነቱ 570 ሜትር ነው። 5,700 ሜትር የሆነ መንገድ በልክ 10 ደቂቃ ይሰጠዋል። ጋላቢው መንገዱን በእግሩ ሦስት አራት ጊዜ ይሄድበታል፤ በመለኪያ ጎማ እየለካ በየደቂቃው የት መድረስ እንዳለበት ምልክት ይይዛል፣ ሲጋልብም ክንዱ ላይ ካሰረው ሰዓት ጋር ያስተያያል። ጀማሪ የሚሳሳተው መሃል ለመሃል በመለካት ነው። ፈረስ የሚዞረው ሰፍቶ ስለሆነ በየመታጠፊያው ጥቂት ሜትር ይጨምራል፤ መጨረሻ ላይ ሃያና ሠላሳ ሰከንድ ከየት እንደመጣ አይታወቅም።

ሱሉልታ ሜዳ ሲታይ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። አፈሩ ግን መረሬ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ሰኮና ይዞ ያስቀራል፤ ከታኅሣሥ በኋላ ደግሞ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ውስጥ በግልቢያ የገባ እግር ይሰበራል። የሚያዋጣው ጥቅምትና ኅዳር ነው። ያን ጊዜ ሜዳው ላይ የቆመው ሣር ገበሬው አጭዶ ድርቆሽ አድርጎ የሚሸጠው ስለሆነ ከባለቤቱ ጋር ሳይስማሙና ሳይታጨድ መንገድ ማውጣት አይቻልም። መሰናክል በሚቆምበት ቦታ፣ በመነሻውም በማረፊያውም በኩል ጥቁሩን አፈር 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠርጎ በጠጠርና በአሸዋ መሙላት ያስፈልጋል፤ አለዚያ አሥረኛው ፈረስ ሲደርስ ጉድጓድ ሆኗል። አካባቢው ወደ ሸገር ከተማ ከተጠቃለለ ወዲህ ሰፊ ሜዳ ማግኘቱ ራሱ እየከበደ ነው።

እንጨቱ ባሕር ዛፍ ነው፣ ሌላ አማራጭም የለም። ለቤት የሚገዛው ቀጭን አጣና አይሆንም፤ ፈረስ ቀጭን ነገር አያከብርም፣ ሲሰበርም ጫፉ እንደ ጦር ይሆናል። ከ20 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ ውፍረት ያለው ግንድ ተልጦ፣ ጠርዙ ተድበልብሎ ይሠራል። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ በየሳምንቱ ይታያል። አግዳሚው በሚስማር ሳይሆን በወፍራም ገመድ ይታሰራል፤ ፈረስ እግሩ ከተቀረቀረ ገመዱን በቢላ ቆርጦ ማውጣት ይቻላል፣ ሚስማር ግን ጊዜ አይሰጥም። ከመሰናክሉ ሥር በመነሻው በኩል መሬት ላይ የሚጋደም እንጨት ያስፈልጋል፤ ፈረስ ርቀቱን የሚገምተው እሱን አይቶ ነው። ይህ እንጨት ከላይኛው አግዳሚ ወደ ኋላ ከገባ ፈረሱ በጣም ተጠግቶ ይነሣና በጉልበቱ ይመታል።

ጥንድ መሰናክል በውጭ አገር ልክ መሥራት ትልቁ ስሕተት ነው። የትልቅ ፈረስ የደንገላሳ እርምጃ 3.6 ሜትር ያህል ስለሆነ በሁለቱ መካከል አንድ እርምጃ እንዲራመድ 7.2 ሜትር ይተዋል፤ ማረፊያውና መነሻው ሌላ አንድ እርምጃ ያህል ይይዛሉ። ለእኛ ፈረስ ከ6 እስከ 6.5 ሜትር ይበቃል። የሰላሌ ፈረስ በአገራችን ለግልቢያ ከሚመረጡት ቀዳሚ ነው፤ ሆኖም እንደ አብዛኛው የኢትዮጵያ ፈረስ ትከሻው ከ1.40 ሜትር አያልፍም፣ በዓለም አቀፉ ደንብ ያለ ብረት ጫማ ከ1.48 ሜትር ያልበለጠ ሁሉ ፖኒ (ትንሽ ፈረስ) ነው። ቃሉ ያናድዳል። ቴዎዶር ኦኮነር የተባለው ፖኒ ግን በ2007 በአሜሪካው የኬንታኪ ውድድር ከትልልቆቹ ፈረሶች ጋር ተወዳድሮ ሦስተኛ ወጥቷል፤ በዚያው ዓመት በፓን አሜሪካን ጨዋታዎች በግልም በቡድንም ወርቅ አግኝቷል።

ጉግስ የለመደ ፈረስ ፈንድቶ መነሣትና ባለበት መዞር ያውቃል፤ ለስምንት ደቂቃ እኩል ፍጥነት መያዝ ግን አዲስ ትምህርት ነው። ከአገጭ ሥር ቀለበት ያለው የአገር ልጓም ለዝላይ አይመችም፤ ጋላቢው በአየር ላይ ዛቡን ከያዘበት ፈረሱ አፉን ያመዋል፣ በሚቀጥለው መሰናክል ይቆማል። መሃሉ የተጋጠመ ቀላል ልጓም ይሻላል። እርካብ በአውራ ጣት መያዝም እዚህ አይሠራም፣ ተረከዝ ያለው ጫማ ግዴታ ነው።

ሱሉልታ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። የአገሩ ፈረስ ተወልዶበታል፣ ከቆላ የመጣው ግን ሳምንታት ይፈልጋል። ለልምምድ በደቂቃ 400 ሜትር እየጋለቡ ሦስት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ፣ በየመሃሉ ሦስት ደቂቃ በእርምጃ፣ በሳምንት ከሁለት ቀን ሳይበልጥ ይበቃል። አሥር ደቂቃ ቆይቶም ትንፋሹ ካልወረደ በማግስቱ ያርፋል። 280 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ በቀን ከ5 እስከ 6 ኪሎ ድርቆሽ ይሰጣል፤ የተከካ ገብስ በአንድ ጊዜ ከ1 ኪሎ ካለፈ ቁርጠት ያመጣል። የጤፍ ጭድ ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበት አይሆንም።

ፈረሶቻችንን ከዓለም አቀፍ ሜዳ ያራቃቸው ዋናው ነገር የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ነው። በሽታው በአገራችን ስላለ ከዚህ የሚነሣ ፈረስ ወደ አውሮፓ ለመግባት የሚጠብቀው ቁጥጥር ረጅምና ውድ ነው፤ መወዳደር የሚፈልግ ሰው ይሄዳል፣ ፈረሱ ይቀራል፣ እዚያ በውሰት ፈረስ ይጋልባል። ቫይረሱን የሚያስተላልፉት ጥቃቅን ትንኞች ከዝናቡ በኋላ ይበዛሉ፣ የሚናከሱትም ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ስለዚህ ቢሾፍቱ የሚመረተው ክትባት ከክረምቱ በፊት ይሰጣል፣ ፈረሱም ፀሐይ ሳትጠልቅ ጋጣ ይገባል። ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ካበጠ ወይም ከአፍንጫው አረፋ ከወጣ ያ ፈረስ አይጋለብም፤ ለብቻው ተለይቶ ሐኪም ይጠራለታል።