«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ»፤ ቃሏ፣ ምንጯና ቡና ላይ ያመጣችው ጣጣ

ይቺን አባባል የማያውቅ የለም። አንዳንዱ «አይረሳም» ብሎ ይጨርሳታል። እኔ ግን አያቴ እንደምትላት «አይረሳ» ላይ ስትቆም ትጥመኛለች፤ ቤት ትመታለች። አሁን አሁን ግን አርክሰናታል። ብር ተበድሮ ለጠፋ ጓደኛ፣ ለቀድሞ ፍቅረኛ፣ ሠርግ ላልጠራ ዘመድ፣ ለሁሉም እሷኑ መወርወር ሆኗል።

ባለፈው እሁድ ደሴ፣ ሸዋ በር፣ ጎረቤት ቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። አቦሉ በሰላም አለፈ። ቶናው ላይ ወሬው ወደ እገታ ዞረ፤ ዛሬ ዛሬ የማን ቤት ቡና ላይ ነው የማይዞረው? አንድ የሰፈራችን ሰው፣ የሦስት ልጆች አባት ነው፣ ስኒውን አስቀመጠና «ልጄን ወስደውብኝ ከአጋቾቹ አንዱ እጄ ቢገባ፣ የት እንዳስቀመጧት እስኪነግረኝ ጥፍሩን አንድ በአንድ ነው የምነቅለው» አለ። ማንም አልተቃወመውም። ቡናውን የሚያፈሉት እማማ ብቻ ረከቦታቸውን እያስተካከሉ «ኧረ ተው ልጄ፣ የወጋ ቢረሳ...» ብለው ዝም አሉ። እሱ ደግሞ «ይርሳም አይርሳም፣ ልጄ ትምጣልኝ» አላቸው። ጨዋታው እዚያ ላይ ተቆረጠ። እኔን ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

እስቲ ከቃሏ እንጀምር። ጦር ይወጋል። በሬ በቀንዱ ይወጋል። እሾህም ይወጋል፣ ሐኪም በመርፌ ይወጋል፣ ሰው ደግሞ በነገር ይወጋል። ጎንህን ሰቅዞ የሚይዝህን ሕመም «ውጋት» የምትለው ከዚሁ ከ«ወጋ» ወስደህ ነው። ልብ በል፤ ውጋት ሲይዝህ ጦር የለም፣ ወጊም የለም፣ መወጋቱ ብቻ ነው ያለው። አባባሏም የምታወራው ስለዚህ ይመስለኛል። ጦሩ ከተነቀለ በኋላ ስለሚቀረው።

«የወጋ» እና «የተወጋ» ደግሞ የሚለያዩት በአንዲት «ተ» ነው። ሌላው የሚገርመኝ «ቢረሳ» ትላለች እንጂ «ይረሳል» አትልም። የማይረሳም ወጊ ሊኖር ይችላል፣ እሱን ለራሱ ትታዋለች። በተወጋው ላይ ግን ጥርጥር የላትም።

የመጣችው ከጦርና ከጋሻ ዘመን ለመሆኑ ቃሏ ራሱ ይመሰክራል። ሰው ለሰው በጦር የሚፈላለግበት፣ ደም ለልጅ ልጅ የሚወረስበት ዘመን ነው። ለዚህ እኮ ነው እኛ ወሎ ውስጥ አበጋሮች (ደም የሚያስታርቁ የአገር ሽማግሌዎች) የነበሩትና ዛሬም በየገጠሩ ያሉት። አበጋር ደም ሲያደርቅ ለተበዳዩ ወገን «እርሱት» አይልም። በዳይ አምኖ ይቀርባል፣ ካሣ ይቆረጣል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ሁለቱም ወገን በመሐላ ይታሰራል። እንደማይረሳ ስለሚያውቅ ነው ይህን ሁሉ የሚደክመው። ቢረሳማ አንድ ሲኒ ቡና ይበቃ ነበር።

አሁን ወደ ጥፍር ነቀላው። በወጉ አማርኛ «ማሰቃየት» ይባላል፤ ሰው ግን «ገረፋ» ነው የሚለው፣ የሚያደርገውንም «ገራፊ»። ከዘዴዎቹ ሁሉ ስሙ የሚሰቀጥጠኝ «ወፌ ላላ» ነው። እጅና እግር ይታሰራል፣ ከጉልበት ሥር ዘንግ ይገባል፣ ሰውየው በዘንጉ ቁልቁል ይንጠለጠልና ውስጥ እግሩ ይገረፋል። በደርግ ጊዜ፣ በተለይ በ1969 እና በ1970 በቀይ ሽብሩ፣ ስንቱ በዚህ አልፏል። ሕፃን ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ግድግዳ ለቆ ሲቆም እናቱ እያጨበጨበች ምንድን ነው የምትለው? «ወፌ ቆመች»። ይኼው ነው። በአንድ የወፍ ስም ቆሞ የሚሄድ ልጅም ተንጠልጥሎ የሚገረፍ ሰውም ሲጠራ ማየት ይከብዳል።

ጎረቤቴ ያነሳው ጥያቄ፣ ልጅን ለማዳን አጋቹን ማሰቃየት ይገባል ወይ የሚለው፣ ግን ቀላል አይደለም፤ «እሱ ጨካኝ ነው» ብሎ ማለፍ ራስን ማታለል ነው። እኔም ልጄ ብትሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም። ደግሞም የፈጠራ ጥያቄ አይደለም፤ ጀርመን አገር ፍራንክፈርት ላይ እ.ኤ.አ. በ2002 በትክክል ይኸው ደርሷል። አንድ የሕግ ተማሪ የ11 ዓመት ልጅ አግቶ አንድ ሚሊዮን ዩሮ ጠየቀ። ተያዘ፣ ልጁ የት እንዳለ ግን አልናገርም አለ። የከተማው ምክትል የፖሊስ አዛዥ «ካልተናገርክ ታይቶ የማይታወቅ ስቃይ ይደርስብሃል በሉት» ብሎ አዘዘ። አሉት። ወዲያው ተናገረ። ልጁ ግን ቀድሞ ሞቷል። አዛዡም ራሱ ተከሶ እ.ኤ.አ. በ2004 ጥፋተኛ ተባለ፤ ቅጣቱ ግን ማስጠንቀቂያ የሚባል ዓይነት ቀላል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የአውሮፓ ሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ማስፈራሪያው ብቻውን ክልክል ነው አለ።

እኔ አዛዡ ላይ የተሰጠውን ፍርድ ወድጄዋለሁ። የአዛዡን ጭንቀት አይተውለታል፣ ግን «ደግ አደረግህ» አላሉትም። ጎረቤቴ ልጁ ተወስዳበት ቢያብድ እረዳዋለሁ። ያንን እብደት ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ማህተም መትቶ፣ ለደሞዝተኛ መርማሪ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው። ደሞዝተኛው ነገ የሚይዘው አጋቹን ብቻ አይደለም። የሚመስለውንም ይይዛል።

ይህን ከመጽሐፍ አይደለም ያገኘሁት። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ሱቅ ነበር። ስድስት መቶ ብር ጠፋ ተባለና ሱቁ ውስጥ የሚላላከው ልጅ ተያዘ፤ እኩያዬ ነው። ባለሱቁና ሁለት ጎረምሶች ጓዳ አስገብተው በኤሌክትሪክ ገመድ ገረፉት። እኔም በር ላይ ከቆሙት አንዱ ነበርኩ፣ ማን ይደብቃል። «ቦርከና ዳር ቀብሬዋለሁ» አለ። ሄደው ቆፈሩ፣ የለም። እንደገና ገረፉት። «ለአክስቴ ልጅ ሰጠሁት» አለ፣ እሱም መጣና ተገረፈ። በሳምንቱ ብሩ ከዱቤ መዝገቡ ውስጥ ተጣጥፎ ተገኘ። ባለሱቁ ለልጁ ሚሪንዳ ከፈተለት። በቃ።

ያቺ «ቦርከና ዳር» የምትል ቃል ነች ዋናዋ። የተገረፈ ሰው የሚያወራው እውነቱን ሳይሆን ገመዱን የሚያስቆመውን ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2003 አሜሪካ ኢራቅን ለመውጋት ምክንያት ስትደረድር ኢብን አል ሸይኽ አል ሊቢ የተባለ እስረኛ ግብፅ ውስጥ በስቃይ የተናገረውን ተባበሩት መንግሥታት ፊት አቅርባ ነበር። ሳዳም ለአልቃይዳ ሥልጠና ሰጥቷል የሚል ነበር። ሰውየው በኋላ ካደው፣ ጦርነቱ ግን ተጀምሯል። ከስድስት መቶ ብሩ ጋር ሳነጻጽረው መጠኑ ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው።

የእኛም ሕግ ይህን ያውቃል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ ቃል ማስረጃ አይሆንም ይላል። ኢትዮጵያ በ1986 የተቀበለችው ማሰቃየትን የሚከለክለው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነትም ጦርነትም ቢሆን፣ የአስቸኳይ ጊዜም ቢሆን ምክንያት አይሆንም ይላል። ይከበራል ወይ ብትለኝ፣ እሱን ታውቀዋለህ። እኔን የነካኝ ግን አንቀጽ 28 ነው፤ ኢሰብዓዊ ድርጊት የፈጸሙ ሰዎች ወንጀላቸው በይርጋ አይታገድም፣ በምሕረትም አይታለፍም ይላል፤ ገረፋንም «ኢሰብዓዊ የድብደባ ድርጊት» ብሎ ጠቅሶታል። ይርጋ ማለት ሕጉ ራሱ የሚረሳበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ሕጉ አልረሳም እያለ ነው፣ እማማ ረከቦት ላይ ሆነው እንዳሉት።

ያ የሱቅ ልጅ ዛሬ ኮምቦልቻ ባጃጅ ይነዳል። ሲመቸን እንገናኛለን። ባለፈው ዓመት ምን እንደገጠመው ነገረኝ። መናኸሪያ በር ላይ አንድ ሽማግሌ አስቆሙት፤ ገና ሲገቡ አወቃቸው፣ ባለሱቁ ናቸው። እሳቸው አላወቁትም። መንገድ ላይ ወግ ጀመሩ።

«የደሴ ልጅ ነህ?»

«አዎ ጋሼ።»

«የት ሰፈር?»

ነገራቸው።

«እኔም እኮ እዚያ ሱቅ ነበረኝ! እንዴት ያለ ደግ ሰፈር መሰለህ» ብለው ሲጫወቱ ደረሱ።

«ታዲያ ምንም አላልካቸውም?» አልኩት።

«ምን ልበላቸው? እጄ ግን መሪው ላይ ሲንቀጠቀጥ ያዩብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር።»

«ሒሳብስ?»

«ከፈሉ። መልስ ስሰጣቸው ‹ያንተ ይሁን› ብለውኝ ወረዱ።»